ከማዕዱ ጫፍ ያለችው ሴት

«አክስቴ ከሰዓት ባትመጣ ነው ደስ የሚለኝ» አለች ትሕትና። ጤናዬ ይህን የሰማችው በገዛ ጆሮዋ ነው፤ ወሬ አቀባይ አልነገራትም። የታጠበና የተተኮሰ የጠረጴዛ ልብስ እቅፍ ሙሉ ይዛ ከሆቴሉ አዳራሽ በር ላይ ቆማ ነበር። እጠቢ ብሎ ያዘዛት የለም። የወንድሟ የባርናባስ ሙት ዓመት ነው፤ የመጨረሻ ሥዕሎቹም ዛሬ ለደባርቅ ሰው ሊታዩ ነው። የሆቴሉ ጨርቅ ግን ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሳጥን ውስጥ ከርሞ ሻግቷል ብላ፣ ወስዳ በራሷ ሳሙና አጥባ ያመጣችው ናት። ከውስጥ የሆቴሉ ሰው «ለምን?» ሲል ሰማች። «ምክንያት አለኝ» አለች የወንድሟ ልጅ፤ ቀጥሎ መሰላል ሲጎተት ተሰማ። ጤናዬ ልብሱን በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ማንም ሳያያት ወጣች።

መንገዱን ሁሉ የራሷን ጥፋት ስትፈልግ ሄደች። የላስቲክ ጫማዋ ይሆን? አንገቷን የዞረው ንቅሳት ይሆን? ወይስ በቀብሩ ዕለት እንደ አገሯ ደረቷን እየደቃች ማልቀሷ? ትሕትና ያን ቀን ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ ነበር ያለቀሰችው። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ዘመድ ግን አመድ ላይ መንከባለል ብዙም አይወድ። አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቆመና «ሠላሳ ብር፣ እናቴ» አላት። «ለዚችው መንገድ?» አለችና በእግሯ አዘገመች። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ አስፋልቱን ሞልቶት ነበር። ሰው ሲያልፍ ጫማው ይሰማል እንጂ ፊቱ አይታይም፤ ለእሷም ይኸው ተመቻት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበርና።

ቤቷ ከመነኻሪያው ጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ዝናብ ሲመታው ሰው የማያነጋግር ቆርቆሮ። የውስጠኛው ክፍል የባርናባስ ነበር። አሁን ሁለት ጆንያ ገብስ፣ አንድ የተሰበረ ወንበርና የሽንኩርት ቅርጫት አለበት። ሽንኩርት ኪሎው ወደ መቶ ብር ተጠግቶ፣ እንደ ወርቅ ከውስጠኛው ክፍል የሚቀመጥ ሆኗል። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ባርናባስ ጣቶቹን የጠረገበት ቀይና ቢጫ ቀለም አለ። ለፋሲካ ቤቱን ስትለቀልቅ እዚያ ስትደርስ እጇ እንቢ አላት፤ ዙሪያውን ለቅልቃ እሱን ተወችው።

ባርናባስ ከአርባ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሲሥል የኖረው ሰው የሌለበት ሥዕል ነው። አመድማና ሰማያዊ፣ አንዱ አራት ማዕዘን በሌላው ላይ የተደረበ። ጋዜጣ አወድሶታል፣ የውጭ ሰው ገዝቶታል። ጤናዬ አንድ ጊዜ ለጥምቀት ልትጠይቀው ሄዳ፣ ከግድግዳው ፊት ቆማ «ወንድም ዓለም፣ ይኸ መጋረጃ ነው?» ብትለው እንባው እስኪወርድ ስቋል። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ጡረታውን ይዞ ወደ ደባርቅ ሲመለስ፣ ቡርሽ ዳግመኛ አልነካም ብሎ ነበር። አንድ ቀን ግን ግድግዳዋ በጥንት ሥዕል የተሞላውን ደረስጌ ማርያምን ልሳለም ብሎ ወጣ። ለአንድ ቀን ብሎ የሄደው ሰውዬ ሳምንት ቆይቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «እታለም፣ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ቀለም ስበጠብጥ ነው የኖርሁ» አላት። እታለም የሚላት እሷን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በእርጅናው እንደ ጥንቶቹ መሣል ጀመረ። ትልልቅ ዓይን፣ ረዣዥም ጣት፣ ጥላ የሌለው ቀይና ቢጫ መደብ፣ ከእያንዳንዱ ራስ በላይ የተጻፈ ስም። ቅዱሳኑን ግን አልገለበጠም፤ የተዋሰው ቦታቸውን ነው። የድሮ ሠዓሊዎች ሰማዕቱን በፈረስ በሚያስቀምጡበት፣ እሱ የጨነቅ መንደሩን በቅሎ ጫኝ ገዱን ከነበቅሎው አስቀመጠ። መላእክት ክንፍ በሚዘረጉበት ሁለት የመነኻሪያ ረዳቶች ክንዳቸውን ዘርግተው «ጎንደር! ጎንደር!» ይጣራሉ። «አልቆበት ነው፣ የሙታን ሥራ መቃረም ያዘ» የሚሉ አልጠፉም። እሱ ይስቅ ነበር። «እነሱስ ከማን ወሰዱ? ከቀደማቸው። ስማቸውን አልጻፉ፣ ማንን ላስፈቅድ?» ይል ነበር። ከእነሱ ሥርዓት ግን አንዲት አላፈረሰም። ደግ ሰው ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን በደባርቅና በዳባት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ያደገ ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል።

የእሱና የጤናዬ ነገር የተበላሸው እሱ ከመሞቱ በፊት በነበረው ፍልሰታ ነው። ባርናባስ ደክሞ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። «ደረስጌ ውሰዱኝ» አለ። ሊሳለም ብቻ አልነበረም፣ እዚያው ሊቀር ነው። «ከእነሱ ግድግዳ ሥር ልሙት» ሲል ጤናዬ አማተበች። በዚያ ሰሞን መንገዱ የሚታመን አልነበረም፤ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ተኩስ ይሰማል። እሱ ግን ሹፌሩን ገሠሠን በምስጢር አነጋግሮ፣ በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው መኪናው በማለዳ መጥቶ ከበር ላይ ጥሩምባ ነፋ። ባርናባስ ከውስጥ ካፖርቱን ይለብስ ነበር። ጤናዬ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣችና «አሞታል፣ አይሄድም፣ ሂድ» አለችው። ገሠሠም ሄደ። ባርናባስ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ እስከ ቀትር ጠበቀ። ጥይት መንገድ ላይ ከሚጥልብኝ ቤቴ ይሙትልኝ ብላ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበራትም። የሚያንገበግበው ግን ያን ቀን መንገዱ ሰላም መዋሉ ነው። ገሠሠ በደኅና ደርሶ፣ በዓሉን አክብሮ፣ ለባርናባስ በጀሪካን ጠበል ይዞለት ተመለሰ፤ ማን ከበር እንደ መለሰውም ነገረው።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ። ባርናባስ ማጭድም አላነሣ፣ ክፉ ቃልም አልተናገረ። እታለም ማለቱን ብቻ ተወ። «ውሃ»፣ «መድኃኒት»፣ «መስኮቱን»፤ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። አንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ኩራዝ፣ ከአንድ ሳህን እየበሉ እንዲህ ተቀመጡ። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ግን ጎረቤቷ የላከችለትን ሾርባ ስታጎርሰው እጇን በእጁ ገታና «በመጨረሻው ሥዕል አንችም አለሽበት» አላት። ጤናዬ ዓመቱን ሙሉ የኖረችው በዚያች ቃል ነው። ታርቆኛል አለች። ከደጋጎቹ ጋራ አስቀምጦኛል አለች። ቄስ ሲያናዝዛት እንኳ የመኪናውን ነገር አንሥታ «ግን እኮ ሥሎኛል» ትል ነበር። ሥዕሉን አላየችውም፤ ከአርባው በኋላ ትሕትና ሸራዎቹን ሁሉ ጠቅልላ ወደ አዲስ አበባ ወስዳቸዋለች፣ ለፍሬም። ዛሬ ነው የምታየው። እንግዲህ ከዚህ ነው ባትመጣ ይሻላል የተባለችው።

ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ በቀትር ስትመጣ ጤናዬን ከምድጃው አጠገብ እንደ ተኮራመተች አገኘቻት። «ምን ሁነሽ ነው? አትለብሽም እንዴ?»

«አትምጣ ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለ? ማን አስታሞት ነው? ማን ገላውን አጥቦት ነው? ተነሽ!» ማንጠግቦሽ ስትቆጣ እንቢ አይባልም። ጥቁሩን ቀሚስ አስወልቃ፣ ከሳጥን ነጩን አውጥታ አለበሰቻት፤ ዓመት ሲሞላ ከል ይወልቃል። ቀሚሱ ጠቦ ሳይሆን ሰፍቶ ተገኘ። ጤናዬ በዓመት ውስጥ ይህን ያህል መክሳቷን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ማንጠግቦሽ ከወገቧ በመቀነት አጠበቀችላትና ተደጋግፈው ወጡ። ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። የቢሮ ሰዎች ከፊት፣ የሰፈር ሰው ከኋላ፣ የድሮ አስጎብኚዎች ከመስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። ያጠበችው ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ ሻይና ቆሎ ተደርድሮበታል። ትሕትና መናገሪያ ይዛ፣ አባቷ በመጨረሻ ዘመኑ እንዴት ስማቸው ካልታወቀ የጥንት ሠዓሊዎች ቀለም፣ መስመርና አቀማመጥ እንደ ተዋሰ ትናገራለች። ደኅና አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ልጅቱ አባቷን ታውቀዋለች። ጤናዬን ስታይ ግን ንግግሯን አቋርጣ እንደገና ጀመረች፤ ከዚያ ቶሎ ጨርሳ «ሥዕሎቹን ተመልከቱ» አለች። ሰው ተነቃነቀ። ገዱ ከጨነቅ በእግሩ መጥቶ ከራሱ ሥዕል ፊት ቆሟል፤ ከበቅሎው ጋር የተሣለውን ለማያውቀው ሁሉ ያስረዳል። «በቅሎዋ ግን ከዚች ትበልጣለች፣ የኔይቱን ማለቴ ነው» ይላል። ሰዉ ይስቃል። ጤናዬም ፈገግ አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር።

የመጨረሻው ሥዕል ከአዳራሹ ጥግ፣ መብራት በደንብ ከማይደርስበት ነበር የተሰቀለው። ጥንቶቹ የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ እንደሚሥሉት ነው፤ ረዥም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ሰዎች። የጌታን ቦታ ባርናባስ ሰው ሊያስቀምጥበት አልደፈረም፤ ኅብስት ብቻ አድርጎ ትቶታል። በሐዋርያቱ ቦታ ግን የደባርቅ ሰው ተቀምጧል። ገሠሠ የጴጥሮስን ስፍራ ይዞ፣ በመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ ፈንታ የመኪናውን ቁልፍ አንጠልጥሏል። መሪጌታ ሕሩይ ከነመቋሚያቸው አሉ። ባርናባስ ራሱ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሁሉም ፊታቸውን ሙሉ ሰጥተው፣ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። «ይችት እኔ ነኝ! ኧረ እዩልኝ፣ ከነሾርባ ድስቴ!» ብላ ማንጠግቦሽ ጮኸች። እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ዓይኗ ከማዕዱ ጫፍ ሲደርስ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከማዕዱ ጫፍ አንዲት ሴት አለች። ነጠላ ጣል አድርጋለች፤ አንገቷን ንቅሳት ዞሮታል። እጇ ወደ በር ተዘርግቷል፤ ከበሩ ወዲያ የመኪና ጎማ ይታያል። በጎን ነው የተሣለችው። ዓይኗ አንድ ነው። በዚያ ጥግ፣ በዚያ ማዕድ፣ በጎን የሚሣለው ማን እንደ ሆነ በአዳራሹ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። አጠገቧ የቆሙት አንድ በአንድ ፈቀቅ አሉ። ገሠሠ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። አንዱ የቢሮ ሰው ነገሩን ሊያሳልፍ ብሎ «ቀለሙ ግሩም ነው» አለ።

ጤናዬ አላለቀሰችም። ወደ ሥዕሉ ቀረበች። የሌሎቹ ሰዎች ፊት ሲቀርቡት መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ የገሠሠ ጉንጭ፣ የማንጠግቦሽ ቅንድብ፣ የባርናባስ የራሱ ዓይን፣ ሁሉም በታመመ እጅ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። የዚያች ሴት ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ግን በአንድ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ሳይሰበር፣ ሳይንቀጠቀጥ ወርዷል። ያን ጊዜ አወቀችው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠርቷት ነበር። ሸራውን በአንሶላ ሸፍኖ፣ መዳፍ የሚያህል ብቻ ገልጦ፣ ቡርሹን ይዞ «እጄን ያዢ» አላት። ከመኪናው ነገር በኋላ ንኪኝ ያላት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላው ቆማ አንጓውን ያዘች። የደም ሥሩ ከጣቷ ሥር እንደ ጫጩት ይመታ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲስብ አብራው ሳበች፤ እጁ ሊርድ ሲል አጠበቀች። የተገለጠው መስመር አንድ ጊዜ ጎበጥ፣ አንድ ጊዜ ሾል ሲል የተራራ ጫፍ መሰላት። «ወንድም ዓለም፣ ቧሂት ነው?» አለችው። «ዝም ብለሽ ያዢ» አለ። ዝም ብላ ያዘች። ያ ቀን ከፍልሰታ ወዲህ ደስ ያላት ብቸኛ ቀን ነበር። ማታ ለማንጠግቦሽ «ዛሬ አብረን ሣልን» ብላ አውርታላታለች።

መሪጌታ ሕሩይ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው መጡ። አስተምረው ያሳደጉት የሰፈር ልጅ ሁሉ ልጃቸው ነው፤ ሥዕሉን አይተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። «ጤናዬ፣ ልጄ፣ ሁለተኛው ዓይን እኮ ጠፍቶ አይደለም። በወዲያ በኩል ነው እንጅ፤ አለ።»

«መሪጌታ፣ ለይሁዳም እንዲህ ይሉለታል?»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ትከሻዋን በመዳፋቸው ነክተው፣ ወደ ሻዩ ሄዱ። ሰዉም ቀስ በቀስ ወደ ሌሎቹ ሥዕሎች፣ ወደ ቆሎው፣ ወደ በሩ ሸሸ። ለቅሶ ቤት ሆኖ ቢሆን ይቀመጡላት ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ኀዘን ግን ደባርቅ ሥርዓት አልሠራችለትም። ማንጠግቦሽ ብቻ ቀረች፤ እሷም ከራሷ ሁለት ዓይን ፊት አፍራ ጀርባዋን ለሥዕሉ ሰጥታ ቆመች።

ትሕትና መሰላሉን እየጎተተች መጣች። መነጽሯን አውልቃለች፤ ዓይኗ የአባቷ ነው። «እንዳታዪው ብዬ ነበር» አለች። «ሸራውን አዲስ አበባ የዘረጋሁት ቀን አይቼዋለሁ። ዓመት ሙሉ ስልክ ስትደውዪ ‹እኔ ያለሁበት ደረሰ ወይ?› ስትዪኝ ‹ገና ነው› የምልሽ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ላውርደው አክስቴ። አሁኑኑ ላውርደው። ማንም ዳግመኛ አያየውም።» እግሯን በመሰላሉ ላይ አኖረች። ጤናዬ ቀሚሷን ያዘች። ጠዋት አፍራብኛለች ብላ ያሰበቻት ልጅ ዓመት ሙሉ ይህን ብቻዋን ተሸክማ መኖሯን ስታውቅ፣ ለራሷ ያልመጣው እንባ ለልጅቱ መጣ።

«ተይው። መኪናውን የመለስሁት እኔ ነኝ። ዋሽቶ አልሣለኝም።»

«ለሱ ብለሽ እኮ ነው! እሱ ያን አላሰበም፣ ተናዶ ነው፣ ታሞ ነው...»

«ቅረቢና እይ» አለች ጤናዬ። የትሕትናን ጣት ይዛ ከሸራው ሳታስነካ ከግንባሩ እስከ አገጩ መስመሩን አስከተለቻት። «ይችን ሲሥል አንጓውን የያዝሁለት እኔ ነኝ። ማንን እንደሚሥል አላውቅም ነበር። እጁ እንዳያሳፍረው ብየ ጥብቅ አድርጌ ያዝሁለት። እይ፣ አልተንቀጠቀጠም።»

ትሕትና ከመሰላሉ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በአክስቷ ነጭ ቀሚስ ውስጥ ደብቃ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጤናዬ ፀጉሯን ዳበሰች። ወንድሟን ይቅር ብላው እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቅም። እሱ ይቅር ብሏት እንዳልነበረ ግን አሁን ታውቃለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ያችን «አንችም አለሽበት» የምትል ቃል ይዛ መተኛት የለም። ሲነጋም፣ ሲመሽም፣ ያ ቤት ባዶ ነው።

ትሕትና ቆይታ ቀና አለች። አፍንጫዋን በአክስቷ ነጠላ ጫፍ ጠረገች። «የሚመጣው ወር አዲስ አበባ ይታያል» አለች። «እዚያ የሚያውቅሽ የለም። ማን ናት ብለው ሲጠይቁኝ፣ የድሮውን ሥዕል ተከትሎ ነው፣ ይሁዳ ናት ብዬ አልፈዋለሁ።»

«አይሆንም» አለች ጤናዬ። «እህቱ ናት በያቸው።»